አልጋውን የጣለች አልጋ ወራሽ

ያን ሳምንት ኢንጂነሯ በቀን ሠላሳ ጊዜ ያህል ንጉሥ ትገድል ነበር። ገዳይዋ አባቷ ቤት፣ ከጓዳ ቀጥሎ ባለች ጠባብ ክፍል ላፕቶፕ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፤ ሟቹ ደግሞ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ በመሥሪያ ቤቷ የማሽን ክፍል ውስጥ ነው። ትእዛዙን ትጽፋለች፣ ትልካለች፣ ንጉሡ ይወድቃል። ደንግጦ የሚጮህ እንኳ የለም።

ንጉሥ የሚሉት ከርነሉን ነው። ከርነል ማለት በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን ሜሞሪ ለሁሉም የሚያከፋፍል፣ አንተ እዚህ ጻፍ፣ አንተ ደግሞ እዚያ አንብብ የሚል ዋና ፕሮግራም ነው። እሱ ከወደቀ ሁሉም ወደቀ። ስለዚህ አርቀው የሚያስቡ ሰዎች ከሜሞሪው ጥግ ላይ ትንሽ ቦታ ይከልሉና ሁለተኛ፣ ትንሽዬ ከርነል ያስተኙበታል። ሥራው አንዲት ናት። ንጉሡ ሲሞት ብድግ ብሎ ሟቹ ትቶት የሄደውን ሜሞሪ እንዳለ ዲስክ ላይ ይገለብጣል፤ ሰዎች ያንን አንብበው የገደለውን ያውቃሉ። የሥራ ባልደረቦቿ ይህን ትንሽ ከርነል “አልጋ ወራሽ” ብለው ሰይመውታል።

ችግሩ አልጋ ወራሹም መሞቱ ነው። ከተነሣ አርባ ሰከንድ ሳይሞላው ስክሪኑ “ያልታወቀ አድራሻ፣ ያልታወቀ አድራሻ” በሚል መልእክት ይጥለቀለቅና ድርቅ ይላል። ዲስኩ ላይ አንዲት መስመር አይሰፍርም። የደንበኞች ማሽኖች በየሳምንቱ እየወደቁ ምክንያቱን የሚናገር ጠፋ። አለቃዋ ሰኞ ዕለት በጨዋ ደንብ ደውሎ እስከ ዓርብ ቢያልቅ ደስ እንደሚለው ነገራት። ይህ ሰው ደስ ይለኛል ሲል ትእዛዝ መሆኑን የማያውቅ የለም።

ችግሩ ከየት እንደሚመጣ ታውቀዋለች። የኔትወርክ ካርዱና የዲስኩ መቆጣጠሪያ የሚባሉት ዕቃዎች ሜሞሪው ላይ በቀጥታ ይጽፋሉ። ንጉሡ አንድ ጊዜ ካርታ ላይ፣ ማን የት እንደሚጽፍ በሚያሳየው ሠንጠረዥ ላይ፣ ቦታ ከሰጣቸው ወዲያ በየጊዜው አያስፈቅዱም። ሲሞት ደግሞ መርዶ የሚነግራቸው የለም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ በያዙት አድራሻ መጻፋቸውን ይቀጥላሉ። አልጋ ወራሹ ግን ገና ዓይኑን ሲገልጥ የድሮውን ካርታ ጠራርጎ ባዶ ካርታ ይዘረጋል። እነሱ ይጽፋሉ፣ ካርታው አላውቃችሁም ይላል፣ የዲስኩ መቆጣጠሪያ ግራ ተጋብቶ ያኮርፋል፤ አልጋ ወራሹ የሚጽፍበት አጥቶ እዚያው ይቀራል።

መድኃኒቱ ነው የጠፋው። ሰኞ ካርታውን ጭራሽ ዘግታ ሞከረች፤ ዕቃዎቹ እንዳሻቸው ጽፈው የአልጋ ወራሹን ራስ በሉት። ማክሰኞ ሁሉንም አስቀድማ ልታስቆም ሞከረች፤ ግማሾቹ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ረቡዕ ጠዋት ላይ እሷም እንደ ልጇ፣ እንደ አልጋ ወራሹ ማለቴ ነው፣ ድርቅ ብላ ስክሪኑ ላይ አፍጥጣ ተቀመጠች።

ወጥታ ነፋስ እንዳትቀበል አባቷን ጥላ የትም መሄድ አትችልም።

አባቷ ዓይናቸውን በሕመም ካጡ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ከዚያ በፊት ዕድሜያቸውን ሙሉ በማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበሩ፤ የእርሳስ ፊደል ከሣጥን አንድ በአንድ እየለቀሙ ገጽ የሚደረድሩ። ከታወሩም በኋላ ላላወቃቸው ሰው የሚያዩ ይመስሉ ነበር። ከመኝታ ቤት ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ ግቢ፣ ከግቢ እስከ ውጭው በር ብቻቸውን ይሄዳሉ፤ በር ሲንኳኳ የሚከፍቱት እሳቸው ነበሩ። እናቷ እጃቸውን ይዘው መርተዋቸው አያውቁም። የሚያደርጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያነሡትን ዕቃ ሁሉ ካነሡበት ቦታ መመለስ። ይህ ሥራ መሆኑን ማንም ልብ አላለም። ልጃቸውማ ጭራሽ።

እናቷ ከተቀበሩ በኋላ ልጅቱ አባቷን ልትጦር ሻንጣዋን ይዛ ገባች። ክፉ ሐሳብ አልነበራትም፤ ክፉ ሐሳብ የሌለው ሰው ነው ደግሞ ቤት የሚያፈርሰው። በመጀመሪያው ሳምንት ቤቱን ገልብጣ አጸዳች። አባባን እንዳያደናቅፋቸው ብላ የኮሪደሩን ቁም ሣጥን ወደ ሳሎን አስገባች፣ ምንጣፉን ጠቀለለች፣ አንገት ያንቃል ብላ በግቢው ውስጥ የተዘረጋውን የልብስ ማስጫ ገመድ ፈታች። ከሁሉ በፊት የእናቷን አልጋ አወጣች። ሁለቱ ሽማግሌዎች በአንድ ክፍል በሁለት የብረት አልጋ ነበር የሚተኙት፤ የእናቷ አልጋ ከበሩ በኩል፣ የአባቷ ከግድግዳው። ባዶውን አልጋ ማየት ስላልቻለች ፈታታ ከጓሮ ዕቃ ቤት አስገባችው። ክፍሉ ሰፋ። ደስ አላት።

አባቷ በሦስተኛው ቀን የውኃ ማሰሮ ሰበሩ። በአምስተኛው ቀን ግንባራቸውን ከበር መቃን ጋር አጋጩ። ከዚያ በኋላ ከክፍላቸው መውጣት ተዉ። አልጋቸው ጠርዝ ላይ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጭነው ይውላሉ፤ ምን ሆኑ ሲባሉ ደህና ነኝ ይላሉ። ምግብ በትሪ ታመጣላቸዋለች። ወደ መጸዳጃ ቤት በክንዳቸው ይዛ ትወስዳቸዋለች፤ ይህን ለማሳነስ ውኃ መጠጣት እንደቀነሱ ያወቀችው በአራተኛው ሳምንት ነው። በገዛ ቤታቸው ታሰሩ። እስር ቤቱን የሠራችው ልጃቸው መሆኗን እሷ አላወቀችም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም።

ታላቅ ወንድሟ፣ ወንድም ጋሼ የምትለው፣ በሌላ ከተማ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው። ባለፈው እሑድ ደውሎ ነገሩን ቆረጠው፤ አባታቸው ደክመዋል፣ እህቱም ሥራ አላት፣ ስለዚህ ቅዳሜ መጥቶ ይወስዳቸዋል። እዚያ ሰው ይቀጠርላቸዋል፣ ክፍልም ተዘጋጅቷል። እሷ ስልኩን ድምፁን ከፍታ ይዛው ስለነበር አባቷ ይሰማሉ። ከዚህ ቤት መውጣት እንደማይፈልጉ ገልጻ ስትሟገተው ቆሽቱ አረረና፣ “እስቲ የውጭውን በር እንደ ድሮው ራሳቸው መጥተው ይክፈቱልኝ፤ ያን ቀን አፌን ዘግቼ እመለሳለሁ” አለ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ አባቷ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ መስኮቱ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቋት። እሷ አታውቅም።

እንግዲህ ረቡዕ ዕለት፣ ንጉሥ መግደል ሲሰለቻት፣ የአባቷን ምሳ በትሪ ይዛ ገባች። ድምፅዋን ሰምተው ምን እንዳናደዳት ጠየቁ። መሄጃ የሌለው ሰው ጆሮው ደግ ነውና ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ስለ ንጉሡ፣ ስለ ካርታው፣ መርዶ ስላልደረሳቸው ዕቃዎች። አልጋ ወራሽ የሚለው ስም ላይ ስትደርስ አባቷ ሳቁ። ከቀብሩ ወዲህ ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነበር።

“አልጋውን የጣለ አልጋ ወራሽ ግን ሰምቼ አላውቅም” አሉ።

እሷ ስለ ፕሮግራሙ የተናገሩ መሰላት። ካርታውን አጠፋ ማለታቸው ነው ብላ፣ አዎ እሱ ነው ችግሩ አለቻቸው። አባቷ ማንኪያቸውን ፈልገው አነሡና በማተሚያ ቤት ስለነበረ አዲስ ፎርማን፣ ስለ ለቃሚዎቹ አለቃ፣ አጫወቷት።

በማተሚያ ቤታቸው የፊደል ሣጥኖች በሀ ሁ ተራ አልነበሩም። ሁለት መቶ ምናምን ፊደል ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚፈለጉት፣ “ን” እና “ው”፣ “ት” እና “ም”፣ ከለቃሚው እጅ ሥር፤ በዓመት አንዴ የሚጠሩት ከላይ ጥግ። አሮጌው ፎርማን ሲሞት የተማረ ሰው ተሾመ። ይህ ሰው ዝብርቅርቁን አይቶ አዘነና፣ እሑድ ብቻውን ገብቶ ሁሉንም በሀ ሁ ተራ አስተካከለው። ሰኞ ለቃሚዎቹ ገቡ። ማን ሣጥን ያያል? ዓይን የሚያየው ጽሑፉን ነው፤ የሚለቅመው እጅ ነው። እጅ ደግሞ ወደሚያውቀው ይሄዳል። በማግስቱ “ታላቅ ቅናሽ” የሚለው የሱቅ ማስታወቂያ “ጳላጅ ጅዓጭ” ሆኖ ወጣ። ሁለት ሰዎች ሱቁ ድረስ ሄደው ጅዓጩ ገብቷል ወይ ብለው ጠየቁ።

ኢንጂነሯ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ከዚያ ሳቋ ቀስ እያለ ቆመ። ታዲያ ምን አደረጋችሁ አለች።

የድሮውን ቦታ መለስን አሉ። ግን የድሮው ቦታ የትም አልተጻፈም፤ የሚያውቀው ፎርማን ሞቷል፤ አዲሱ ጠራርጎ አጥፍቶታል። ስለዚህ አንድ ጠና ያሉ ሠራተኛ ለቃሚዎቹን ባዶ ሣጥን ፊት አቆሟቸው። ዓይናችሁን ጨፍኑና “ን”ን አንሡ፣ አሁን “ው”ን አንሡ አሏቸው፤ እጅ በሄደበት ሁሉ ወረቀት እየለጠፉ ካርታውን ከእጃቸው አነበቡት።

“አዲሱ ተራ ጭራሽ ቀረ ማለት ነው?”

“ለምን ይቀራል? ቀስ በቀስ ገባ። አንዱ ለቃሚ ገጹን ሲጨርስ የእሱን ሣጥን ብቻ ይቀይሩለታል፤ ቀን ሙሉ ተቀምጦ ይለማመደዋል። ከዚያ ሌላው። ሽማግሌው ፎርማኑን ያሉት አንድ ቃል ነው፤ በእጁ ያለውን ገጽ ሳይጨርስ የሰው ሣጥን አትንካበት።”

ትሪውን እዚያው ትታ ሮጠች።

የድሮው ካርታ አልጠፋማ! ሃርድዌሩ ውስጥ ካርታው ሜሞሪው ላይ የት እንዳለ የምትናገር አንዲት ቁጥር አለች፤ ንጉሡ ቢሞትም ቁጥሯ አትሞትም። አልጋ ወራሹ የራሱን ቁጥር እስኪጽፍባት ድረስ እዚያው ናት። እስከ ዛሬ ሳያነባት ነው የሚጽፍባት። አሁን አስቀድሞ እንዲያነብ አደረገችው፤ የሟቹን ካርታ መስመር በመስመር ወደ ራሱ እንዲገለብጥ፣ ዕቃዎቹም በያዙት አድራሻ እንዲቀጥሉ። የእያንዳንዱ ዕቃ አዛዥ ፕሮግራም በተራው ተነሥቶ ዕቃውን አስቁሞ እንደ አዲስ ሲያስጀምረው፣ ያን ጊዜ የዚያ ዕቃ መስመር ብቻ ይቀየራል። ገጹን ጨርሷልና።

የመጀመሪያው ሙከራ ደግሞ ሌላ ጉድ አመጣ። አልጋ ወራሹ የድሮዎቹን አድራሻዎች እንደ ባዶ ቦታ ቆጥሮ ለአዲስ ሥራ ስላደላቸው፣ በአንድ ወንበር ሁለት ሰው ተቀመጠበትና ነገሩ ድብልቅልቁ ወጣ። ሐሙስ ጠዋት እሱን አስተካከለች፤ ሟቹ ለሰው የሰጠው ቦታ ባለቤቱ እስኪለቀው ድረስ ለሌላ አይሰጥም። ከምሳ በኋላ ንጉሡን ገደለችው። አርባ ሰከንድ አለፈ። ሃምሳ። ስክሪኑ ጭጭ አለ፤ ከዚያ ዲስኩ ላይ ሲጻፍ የሚያሳየው ቁጥር አንድ በመቶ፣ ሁለት በመቶ እያለ መውጣት ጀመረ። አሥር ጊዜ ገደለችው፤ አሥር ጊዜም ኑዛዜው ተጻፈ።

“አባባ፣ ኖረ!” እያለች ገባች።

አባቷ ደስ ብሏቸው ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። ሲነሡ ግራ እጃቸው በጉልበት ከፍታ ወደ ጎን ተዘረጋ፤ ጣቶቻቸው አንድ ነገር ሊጨብጡ ታጥፈው፣ አየር ብቻ ጨበጡ። ተንገዳገዱና መልሰው ተቀመጡ። “ጎበዝ” አሏት፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው።

ኢንጂነሯ እጃቸው የሄደበትን ታውቀዋለች። የእናቷ አልጋ የብረት ጠርዝ ነበር እዚያ። እሱን ይዘው ነበር በሩን የሚያገኙት። የትናንቱ ቃል አሁን ገና ገባት፤ ስለ ፕሮግራሙ አልነበረም።

“ለምን አልነገሩኝም?” አለች።

“ቤቱን ስታጸጂ ታለቅሺ ነበር” አሉ አባቷ። “ሰምቼሻለሁ። ከዚያ ሲያልቅ ቀለል አለሽ። እንዴት ብዬ መልሺው እላለሁ?”

አለቀሰች። ማልቀስ ብቻ ግን አልጋ አያመጣም፤ ዓርብ ጠዋት ማልዳ ከጓሮ ዕቃ ቤት የአልጋውን ብረት አንድ በአንድ አወጣች። ብሎኖቹ ዝገዋል፣ እጇም ተላጠ። አልጋውን ከተከለች በኋላ አባቷን በሩ ላይ አቆመቻቸውና፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ አለቻቸው። እሱስ ተርፎኛል አሉ። ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ሥራ ጀመሩ፤ እሳቸው እጃቸውን በለመደበት ይለቁታል፣ እሷ እጁ በሄደበት ግድግዳው ላይ በጠመኔ ምልክት ታደርጋለች። ቁም ሣጥኑ እሷ ከገመተችው አንድ ስንዝር ወደ በሩ የቀረበ ሆኖ ተገኘ። የምንጣፉ ጠርዝ መንገድ እንጂ እንቅፋት አልነበረም። አንገት ያንቃል ያለችው ገመድ እስከ ውጭው በር ድረስ የሚመራቸው እሱ ነበር።

ከጓዳው በር አጠገብ ሲደርሱ ቀኝ እጃቸው በደረት ከፍታ ባዶ ቦታ ላይ ተዘረጋ። ጠመኔውን ይዛ ፈለገች፤ ግድግዳ የለም፣ መደርደሪያ የለም። እዚህ ምን ነበር ብላ ጠየቀች። አባቷ እጃቸውን ሰበሰቡ። ፊታቸው ላይ እንደ ልጅ የማፈር ነገር አየች።

“እሱን ተይው” አሉ።

ደጋግማ ስትጠይቃቸው ቀስ ብለው ነገሯት። ጠዋት ጠዋት እናቷ እዚያ በሩ ላይ ይቆሙ ነበር። እሳቸው ባለፉ ቁጥር የሚስታቸውን ትከሻ ነካ አድርገው ነበር የሚያልፉት፤ ከዚያ ወደ ግራ ዞረው ግቢውን ያገኛሉ። ኢንጂነሯ ጠመኔዋን ኪሷ ከተተች። እዚያ ላይ ምልክት የሚደረግበት ነገር አልነበረም። ዓርብ ማታ የእናቷ አልጋ ላይ ተኛች፤ አባቷም ከወዲያ ግድግዳ ሆነው፣ አሁን ገና አልጋ ወረስሽ አሏት።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የውጭው በር ተንኳኳ። አባቷ ኮታቸውን ለብሰው ጠብቀው ነበር። እንድትመራቸው አልፈቀዱም፤ እሷ ከጓዳው በር ኋላ ሆና ታያለች። ግራ እጃቸው የአልጋውን ብረት አገኘ። በሩን አለፉ። ቁም ሣጥኑን በጣታቸው ጀርባ ነካ አድርገው፣ የምንጣፉን ጠርዝ በእግራቸው እያዳመጡ መጡ። የጓዳው በር ላይ ሲደርሱ እጃቸው ሳያዙት ወጣ፤ ደረት ከፍታ ላይ፣ አየር ላይ ቆመ።

አባቷ እዚያው ደረቁ። ፊታቸውን ወደዚህም ወደዚያም አዞሩ። ግራው የት እንደሆነ ጠፋባቸው። በሩ እንደገና ተንኳኳ፤ የወንድሟ ድምፅ ስሟን ጠራ። አባቷ አንድ እግራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ፤ ወደ ክፍላቸው ሊመለሱ ነው።

ኢንጂነሯ ወጥታ እዚያ ቦታ ላይ ቆመች። ከእናቷ አንድ ራስ ትረዝማለች። ስለዚህ ጀርባዋን ለጓዳው በር ሰጥታ፣ ትከሻዋ ከመዳፋቸው ሥር እስኪገባ ድረስ ጉልበቷን አጠፈች።

እጃቸው አረፈባት። ለጥቂት ጊዜ ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም፤ ጭኗ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

“ድምቡሼ፣ ጉልበትሽ ያልቃል” አሉ። በልጅነቷ የሚጠሯት በዚህ ስም ነበር።

“ምንም አይደል፣ ይሂዱ አባባ።”

“ቀና በይ። እሷ የነበረችበትን አውቀዋለሁ። አሁን አንቺ የት እንደሆንሽ ልወቀው።”

ቀና አለች። እጃቸው ከትከሻዋ ጋር አብሮ ከፍ አለ። ከፍታውን ለመያዝ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጓት፤ የተደረደረ መስመር እንዲረጋ በጣታቸው እንደሚመቱት። ከዚያ ወደ ግራ ዞሩ። ገመዱን አገኙ። አሥራ አንድ እርምጃ ቆጥራለች፤ በአሥራ ሁለተኛው መቀርቀሪያው ሲሳብ ተሰማ።

“ማነው?” አሉ አባቷ።

“እኔ ነኝ” አለ ወንድሟ፤ ድምፁ ውስጥ መደንገጡ ይሰማ ነበር።

“ግባ” አሉት። “ምንም ዕቃ ከቦታው እንዳታነሣ።”